የመሥሪያ ቤት ስልክ ማዞሪያ ፍተሻ በጎጃም

የመሥሪያ ቤት ስልክ ማዞሪያ፣ ቴክኒሻኖች በተለምዶ ፒቢኤክስ የሚሉት፣ ለየቢሮው የውስጥ ቁጥር የሚሰጥና ጥቂት የውጭ መስመሮችን ለብዙ ሰው የሚያጋራ መሣሪያ ነው። በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ሆቴሎች፣ ሆስፒታሎችና ኮሌጆች ውስጥ ይሠራበታል። ቀድሞ ኦፕሬተሯ ገመድ እየነቀለችና እየሰካች ታገናኝ ነበር። ጎጃም ባለሙያ ተበድሮ የሚኖር አገር አይደለም፤ ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ የተቋቋመው በ1955 ዓ.ም. ነው።

ፍተሻው በዓይን ይጀምራል። ቲዲኤ የተባለው የፓናሶኒክ ማዞሪያ የፊት ክዳኑ ሲነሣ በየካርዱ፣ ማለትም መስመሮቹን በሚይዘው እያንዳንዱ ተሰኪ ሰሌዳ ላይ አንዲት መብራት ትታያለች። አረንጓዴ ሆና ከረጋች ካርዱ ጤነኛ ነው፣ መስመሮቹም ሥራ ፈትተዋል። አረንጓዴ ሆና ብልጭ ድርግም ካለች አንድ ሰው እያወራ ነው፤ ያን ጊዜ ካርድ መንቀል ነውር ነው። ቀይ ሆና ከረጋች ካርዱ ተበላሽቷል ወይም ገና እየተነሣ ነው። ቀይ ሆና ብልጭ ድርግም የምትለው ግን ካርዱ ከአገልግሎት ውጭ መሆኑን ብቻ ነው የምትናገረው፤ ከኮምፒውተር በትእዛዝ ወደ ሥራ ሊመለስ ይችላል። ሁለቱን ቀይ ባለመለየት ደኅና ካርድ ተነቅሎ ይጣላል። አቫያ በተባለው ኩባንያ አንዳንድ ማዞሪያዎች ደግሞ ከኮምፒውተር «ስቴተስ ስቴሽን» ብሎ የውስጥ ቁጥሩን መጻፍ የአንዱን ስልክ ሁኔታ ያሳያል።

ቀጥሎ ኃይሉ ይለካል። በ48 ቮልት የሚሠራ ማዞሪያ አራት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ይታሰሩለታል፤ ቻርጅ ላይ ሳሉ 54 ቮልት ገደማ ያነባሉ። ትክክለኛው ፈተና ግን ከውጭ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ማጥፋት ነው፤ የደከመ ባትሪ ቮልቱ ወዲያው ይወርዳል። «ቶን የለም»፣ ማለትም ስልኩ ሲነሣ የሚሰማው ድምፅ ጠፋ የሚል ቅሬታ ሲመጣ መፈተሻ ስልክ ይዞ ወደ ክሮኑ፣ የውጭና የውስጥ ሽቦዎች ወደሚገናኙበት ሰሌዳ፣ መሄድ ይቀድማል። ከውጭ በሚገባው መስመር ላይ ቶን ካለ ጥፋቱ ከዚያ ወዲህ፣ በግቢው ውስጥ ነው።

በጎጃም ክረምት የማዞሪያ ዋና ጠላት መብረቅ ነው። በስልክ መስመሩ ነው ወይስ በኤሌክትሪኩ የሚገባው በሚለው ላይ ቴክኒሻኖች አይስማሙም፤ ሁለቱም ይቻላል፣ ግን የውጭ መስመር ካርድ ብቻውን ከተቃጠለ በመስመሩ የመግባቱ ዕድል ሰፊ ነው። የመብረቁን ኃይል ወደ መሬት የሚያወርደው የመሬት ሽቦ መፈተሽ ያለበት በበጋ ነው፣ መሬቱ ሲደርቅ ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት መጠን ከፍ ይላልና። ሽቦው በታሰረበት የተቀበረ ዘንግ ዙሪያ ጨውና ከሰል ተሞልቶ ውኃ ሲፈስበት ይሻሻላል፣ ጨው ግን ዘንጉን ይበላል። መሬቱ ሳይለካ አዲስ ካርድ መሰካት ለሚቀጥለው ነጎድጓድ ስንቅ ማዘጋጀት ነው። በጥሩ ግቢ ከካቢኔቱ ጎን በሲባጎ የታሰረ ደብተር ይኖራል፤ ቀኑ፣ የካርዱ ቦታ፣ የመብራቱ ቀለምና የለካው ሰው ፊርማ ይሰፍርበታል።