«የከተማ ዳርቻ» ምንድን ነው?

ከጎንደር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን ማክሰኚትን «በጎንደር ዳርቻ ያለች ከተማ» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብሁ። ይህን ስሕተት ደጋግሜ ስላየሁት ዝም ማለት አልቻልሁም። ማክሰኚት የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ስሙ ራሱ «ዙሪያ» እያለ እኛ «ዳርቻ» ስንለው ሁለቱን ቃላት እናደባልቃለን።

የከተማ ዳርቻ የከተማው የራሱ መጨረሻ ነው። የነጠላ ጥለት ከነጠላው ጋር በአንድ ድር ተሸምኖ የሚወጣ እንጂ ከጎኑ የተቀመጠ ሌላ ጨርቅ አይደለም፤ ጫፉ ላይ የሚቋጨው ክር እንኳ በመሀል ያለፈው ያው ድር ነው። ሌላ ነጠላ አምጥተን ብናስጠጋው፣ የቱንም ያህል ቢቀራረቡ፣ የመጀመሪያው ጥለት ሊሆን አይችልም። «ዳር ሲፈታ መሀል ዳር ይሆናል» የሚለው አባባል ትርጉም የሚሰጠውም ዳሩ የራስ ስለሆነ ነው።

አንድ አስተያየት ሰጪ «ሕዝቡ ከከተማ የራቀውን ሁሉ ዳርቻ ይላል» ሲል ተከራክሯል። አልስማማም። ሕዝቡ ለዚያ «ከከተማ ወጣ ብሎ» የሚል የጠራ አነጋገር አለው፤ «ወጣ» ያለው ደግሞ ከውስጥ አለመሆኑን ሲያመለክት ነው። ብዙዎችን ያሳሳታቸው «የባሕር ዳርቻ» የሚለው አገባብ ይመስለኛል፤ በዚያ አገባብ ዳርቻ የምንለው ውኃውን ሳይሆን ውኃው የሚነካውን የብስ ነውና። እዚያም ቢሆን ቦታው ውኃውን መንካት አለበት፤ ከጣና በብዙ ኪሎ ሜትር የራቀን መንደር የጣና ዳርቻ የሚለው የለም።

በከተማ ፕላን ሥራ ለምንገኝ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ የአስተዳደር ወሰንና የመጨረሻው ቤት ሁልጊዜ አይገጥሙም፤ ወሰኑ አንዳንዴ የእርሻ መሬትንም ያቅፋል። ስለዚህ «ዳርቻ» ብሎ የሚጽፍ ሰው የቱን መጨረሻ እንደያዘ ቢገልጽ መልካም ነው።

ዳርቻነት አዲስ ሰፈር መሆንም አይደለም። ዛሬ የጎንደር ዳርቻ የምንላት አዘዞ፣ ዐፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት፣ ዐፄ ሱስንዮስ የገነተ ኢየሱስን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩባት ቦታ ናት። ዳርቻ የሆነችው ጎንደር አድጋ በውስጧ ስላስገባቻት ነው፤ ማክሰኚት ግን የራሷ መሀልና የራሷ ዳርቻ አላት።