የ1898ቱ የቪክቶሪያ እግር ኳስ ሊግ ታላቅ ፍጻሜ

በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ እግር ኳስ ሊግ የመጀመሪያው «ታላቅ ፍጻሜ» የተካሄደው እ.ኤ.አ. ቅዳሜ ሴፕቴምበር 24 ቀን 1898 ሜልበርን ውስጥ በሴንት ኪልዳ የክሪኬት ሜዳ (በዛሬው ጃንክሽን ኦቫል) ነው። ፊትዝሮይ ኤሰንደንን 5.8 (38) ለ 3.5 (23) አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ጨዋታውን ከ16,000 በላይ ተመልካች ተከታትሎታል። ዳኛው በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው አይቮ ክራፕ ነበር።

ስፖርቱ ከተለመደው እግር ኳስ የተለየው የአውስትራሊያ እግር ኳስ ስለሆነ፣ ለእሱ አዲስ የሆነ አንባቢ ውጤቱ ግራ ሊያጋባው ይችላል። በሞላላው ሜዳ በሁለቱም ጫፍ አራት አራት ቋሚዎች ይቆማሉ፤ መሀለኞቹ ሁለቱ ረጃጅም፣ ዳርና ዳር ያሉት ደግሞ አጫጭር ናቸው። አጥቂው የመታው ኳስ ማንም ሳይነካው በረጃጅሞቹ መሀል ካለፈ ጎል ይባላል፤ 6 ነጥብ ያስገኛል። ረጅሙን ቋሚ ከመታ ወይም በረጅሙና በአጭሩ መካከል ካለፈ «ቢሃይንድ» ይሆናል፤ ዋጋው 1 ነጥብ ነው። ስለዚህ 5.8 ማለት 5 ጎልና 8 ቢሃይንድ ሲሆን፣ 30 ሲደመር 8 እኩል 38 ይመጣል። ቢሃይንድ በነጥብ መቆጠር የጀመረው ሊጉ በተመሠረተበት በ1897 ነው። በ1898 እያንዳንዱ ቡድን በ20 ተጫዋቾች ስለሚሰለፍ ሜዳው በጣም ይጣበብ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ቁጥሩ ወደ 18 ወረደ።

ሊጉን የመሠረቱት ከቀድሞው የቪክቶሪያ እግር ኳስ ማኅበር የተገነጠሉ ስምንት ክለቦች ናቸው፦ ኤሰንደን፣ ጂሎንግ፣ ኮሊንግዉድ፣ ሜልበርን፣ ካርልተን፣ ፊትዝሮይ፣ ሳውዝ ሜልበርንና ሴንት ኪልዳ። በ1897 ከ14 ዙር በኋላ አራቱ ቀዳሚዎች እርስ በርስ ተጋጠሙ። ኤሰንደን ሦስቱንም ጨዋታ ስላሸነፈ ያለ ፍጻሜ ግጥሚያ ሻምፒዮን ሆነ።

የ1898ቱ አሠራር ግን ውስብስብ ነበር፤ የዚህ ፍጻሜ ዋና ጉዳይም እሱ ነው። ከ14ቱ ዙር በኋላ ስምንቱም ቡድኖች በሁለት ምድብ ተከፈሉ። 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛና 7ኛ የወጡት በአንዱ፣ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛና 8ኛ የወጡት በሌላው ተመደቡ፤ በየምድባቸውም ሦስት ሦስት ጨዋታ ተጫወቱ። ከዚያ የሁለቱ ምድብ አሸናፊዎች ፊትዝሮይና ኮሊንግዉድ ተጋጠሙ፤ ፊትዝሮይ አሸነፈ። ይህ ግን ዋንጫውን አላስጨበጠውም። በጠቅላላው የውድድር ዓመት ምርጥ ውጤት ያስመዘገበው ኤሰንደን ስለነበር፣ ደንቡ የምድቡን ፉክክር ያሸነፈውን ቡድን ለግጥሚያ የመጠየቅ መብት ለኤሰንደን ሰጥቶት ነበር። «ታላቅ ፍጻሜ» የተወለደው ከዚህ የመገዳደር መብት ነው። የሁለቱን ምድብ አሸናፊዎች ጨዋታ ያሸነፈው ያው የዓመቱ ቀዳሚ ቡድን ቢሆን ኖሮ ሌላ ጨዋታ ባላስፈለገ ነበር።

የሜዳው ምርጫም አጨቃጫቂ ነበር። የክሪኬት ወቅት ተቃርቦ ስለነበር በሣሩ ላይ አዲስ አፈር ተደልድሎበት ነበር፤ ኤሰንደንም ሜዳው ለጨዋታ አይመችም ብሎ ተቃወመ። ውሳኔው ግን አልተቀየረም። አምበሎቹ በፊትዝሮይ በኩል አሌክ ስሎን፣ በኤሰንደን በኩል ጆርጅ ስታኪ ነበሩ። ሁለቱም ወገን ከጎል ይልቅ ብዙ ቢሃይንድ አስቆጥሯል፤ ሆኖም የ15 ነጥቡ ልዩነት የመጣው በዋነኛነት ፊትዝሮይ በሁለት ጎል በመብለጡ ነው። በ1899 ፊትዝሮይ በዚያው ሜዳ ሳውዝ ሜልበርንን 3.9 (27) ለ 3.8 (26)፣ በአንድ ነጥብ ብቻ አሸንፎ ዋንጫውን ደገመ።

የምድብ አሠራሩ ትልቁ ጉድለት ዝቅ ብሎ የጨረሰ ቡድን እንኳ በሦስት ጨዋታ ወደ ላይ መውጣት መቻሉ ነው። በ1900 ስድስተኛ ሆኖ የጨረሰው ሜልበርን ፊትዝሮይን 4.10 (34) ለ 3.12 (30) አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ይህ ለአብዛኛው ዓመት በትጋት ለተጫወቱት ክለቦች ፍትሐዊ አልነበረም፤ በ1901 አሠራሩ ተሽሮ አራቱ ቀዳሚዎች ብቻ የሚፋለሙበት ሥርዓት ተተካ። የመገዳደር መብት በ1902 ተመለሰ፤ በዚያው ዓመት ኮሊንግዉድ ኤሰንደንን 9.6 (60) ለ 3.9 (27) የረታበት ታላቅ ፍጻሜ በሜልበርን ክሪኬት ሜዳ የተካሄደ የመጀመሪያው ነው። በየዓመቱ ያለ ቅድመ ሁኔታ ታላቅ ፍጻሜ የሚደረገው ግን አዲሱ የማጣሪያ ሥርዓት ከገባበት ከ1931 ወዲህ ነው።