ዓለም አቀፍ ልማት እንደ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ዘርፍ

ዓለም አቀፍ ልማት አንዳንድ ማኅበረሰቦች በድህነት የሚቆዩበትን፣ ሌሎች ከድህነት የሚወጡበትን ምክንያትና በዚህ መካከል የመንግሥታትን፣ የገበያንና የእርዳታን ሚና የሚመረምር የትምህርት ዘርፍ ነው። ከምጣኔ ሀብት፣ ከፖለቲካ ሳይንስ፣ ከአንትሮፖሎጂ፣ ከጂኦግራፊና ከግብርና ሳይንስ ይቀዳል። በተለይ ከምጣኔ ሀብት ወገን «የራሱ የሆነ ዘዴ የለውም» የሚል ትችት ይሰነዘርበታል። ድህነት ራሱ የአንድ ሙያ አጥር የማያውቅ ጉዳይ በመሆኑ ትችቱ ብዙ ርቀት አይሄድም።

የዘርፉ ቅድመ ታሪክ ከቅኝ ገዢዎች የአስተዳዳሪ ማሠልጠኛዎች ጋር ይያያዛል። «ያላደጉ አካባቢዎች» የሚለው አጠራር በሰፊው የተሰማው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 1949 በበዓለ ሲመታቸው ካደረጉት ንግግር ወዲህ ነው። በ1952 የኔዘርላንድ ዩኒቨርሲቲዎች በሄግ የማኅበራዊ ጥናት ተቋምን መሠረቱ። በ1954 የካሪቢያኗ ደሴት የሴንት ሉቺያ ተወላጅ የሆኑት የምጣኔ ሀብት ባለሙያ አርተር ሉዊስ የሰው ጉልበት ከግብርና ወደ ኢንዱስትሪ የሚሸጋገርበትን ሞዴል አቀረቡ፤ ለሥራቸውም በ1979 የኖቤል ሽልማት ተጋሩ።

ዘርፉ የራሱን ድምፅ ያገኘው ግን በእንግሊዝ ሀገር፣ በሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ በ1966 በተቋቋመው የልማት ጥናት ተቋም ነው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ደድሊ ሲርስ በ1969 ስለ አንድ ሀገር ልማት ሦስት ጥያቄዎች እንዲቀርቡ ሐሳብ ሰጡ፦ ድህነቱ ምን ሆነ? ሥራ አጥነቱስ? በሰዎች መካከል ያለው ልዩነትስ? ሦስቱም ከተባባሱ የነፍስ ወከፍ ገቢ በእጥፍ ቢያድግ እንኳ ውጤቱን ልማት ብሎ መጥራት እንግዳ ነገር ነው አሉ። ጥያቄዎቹ ዛሬም አላረጁም። የምጣኔ ሀብት ባለሙያው ሃንስ ሲንገርም ከተባበሩት መንግሥታት ሥራቸው በኋላ ወደዚሁ ተቋም መጡ። እርሳቸውና አርጀንቲናዊው ራውል ፕሬቢሽ የጥሬ ዕቃ ዋጋ ከፋብሪካ ምርት ዋጋ አንጻር በረጅም ጊዜ እየወረደ ይሄዳል ሲሉ ተከራክረዋል። መላምቱ ለብዙ ምርቶች ይሠራል፤ ለሁሉም መሥራቱ ግን አከራካሪ ነው።

በዚያው ተቋም የሠሩት ሮበርት ቻምበርስ ያስፋፉት አሳታፊ የገጠር ዳሰሳ ተማሪዎች በመስክ ከሚለማመዷቸው ዘዴዎች አንዱ ነው። ነዋሪዎች የመንደራቸውን ካርታ በመሬት ላይ በጭረትና በድንጋይ ይሠራሉ፤ እህል የሚያልቅባቸውን ወራትም በዘር ፍሬ ቁልል ያሳያሉ። ተማሪው መጠይቁን አጥፎ ካርታው የሚጫርበትን ዱላ ለነዋሪዎቹ ይሰጣል። ብዙ ተማሪዎችን የሚከብዳቸውም ይኸው ዝም ብሎ ማየት ነው።

የዓለም ባንክና የዓለም የገንዘብ ድርጅት ብድርን ከመንግሥት ወጪ ቅነሳና ከገበያ ነፃ መሆን ጋር ያያያዙባቸው የ1980ዎቹ የመዋቅር ማስተካከያ ፕሮግራሞች ዘርፉን በደጋፊና በተቃዋሚ ለሁለት ከፈሉት። በ1990 ፓኪስታናዊው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ማህቡብ ኡል ሀቅ ከሕንዳዊው የሙያ ባልደረባቸው ከአማርትያ ሴን ጋር ሆነው ገቢን ከዕድሜና ከትምህርት ጋር አጣምሮ የሚለካውን የሰብአዊ ልማት መለኪያ አመጡ። በ2019 የምጣኔ ሀብት ኖቤል ለባነርጂ፣ ለዱፍሎና ለክሬመር ሲሰጥ፣ እንደ መድኃኒት ሙከራ ተሳታፊዎችን በዕጣ የሚመድበው ጥናት የሥርዓተ ትምህርቱን ሰፊ ቦታ ያዘ። ስለ ፖለቲካና ስለ ታሪክ ግን ትንሽ ይናገራል የሚሉ መምህራን አሉ።

በመጀመሪያ ዲግሪ የልማት ንድፈ ሐሳቦች፣ ስታቲስቲክስ፣ የቅኝ ግዛት ታሪክ፣ ሥርዓተ ፆታና የአካባቢ ጥበቃ ይሰጣሉ። ከተግባራዊ ኮርሶች ሎግ ፍሬም ጎልቶ ይታወቃል። ይህ በ1969 ለአሜሪካ የዓለም አቀፍ ልማት ድርጅት የተዘጋጀ የፕሮጀክት ማቀጃ ሠንጠረዥ አራት ረድፍና አራት ዐምድ አለው። ከሥር ተግባራት፣ ከዚያ ውጤት፣ ዓላማና ግብ ይደረደራሉ፤ ጎን ለጎን አመልካቹ፣ ማረጋገጫውና ቅድመ ግምቱ ይሞላሉ። ተማሪው የሚፈተነው በመጨረሻው ዐምድ ነው፦ «ዝናብ በወቅቱ ይጥላል» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ባይጥልስ የሚለውን ጥያቄ ግን አስተማሪው አይምርም።

ተመራቂዎች በእርዳታ ድርጅቶች፣ በተባበሩት መንግሥታት ተቋማት፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በምርምር ይሠማራሉ፤ ክትትልና ግምገማ የተለመደ መግቢያ በር ነው። ብዙዎቹ የሥራ ማስታወቂያዎች ሁለተኛ ዲግሪና የመስክ ልምድ ይጠይቃሉ፤ ልምዱም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክፍያ ወይም በጥቂት አበል ስለሚገኝ አቅም የሌለው ተማሪ ከበሩ ይመለሳል።