ስለ ጎጃም የደብር ደኖችና ወፎቻቸው የምንሳሳታቸው ነገሮች

ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ በመኪና ስትሄዱ ግራና ቀኙ እርሻ ነው። መሀል መሀሉን ግን ጥቅጥቅ ያለ ደን ብቅ ይላል። ጠጋ ብትሉ ውስጡ ቤተ ክርስቲያን አለ። አገር በቀሉ ዛፍ በብዛት የተረፈው እዚያ ነው፤ የደን ወፎቹም እዚያው ተጠልለዋል። ስለነዚህ ደኖች የምሰማቸው አንዳንድ ነገሮች ግን ያሳስቡኛል።

«ዛፍ ዛፍ ነው፤ ቢቆረጥ ባሕር ዛፍ እንተክላለን»

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ዘጌ ላይ ጠዋት በቡናው መሀል ስትሄዱ ከላይ እንደ አህያ የሚያናፋ ድምፅ ትሰማላችሁ። ቀና ስትሉ ምንቃሩ ላይ ቀንድ የመሰለ ነገር የተደረበበት ጥቁርና ነጭ ትልቅ ወፍ ሾላ ሲለቅም ታያላችሁ። የዚህ ወፍ ሴቷ የምትፈለፍለው ባረጀ ዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ገብታ በሩን በጭቃ ትደፍነዋለች። ጭቃውን የሚያመላልስላት ወንዱ ነው። አንዲት ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ትቀራለች፤ በእሷ በኩል ለወራት ፍሬ ያጎርሳታል።

ይህን ወፍ የሚችል ጉድጓድ ያለው ዛፍ በአንድ ሰው ዕድሜ አይደርስም። ባሕር ዛፍ ለማገዶም ለቤት መሥሪያም ጥሩ ነው፤ ወፍ ጨርሶ አያርፍበትም ማለቴም አይደለም። ግን ገና ቀጭን ሳለ ይቆረጣል፣ የሚበላ ፍሬም የለውም። ስትበር ክንፏ ደም መስሎ የሚቀላው ሶሪት ምን ትብላ?

«ወፎቹ ይበላሉ እንጂ ለደኑ አይጠቅሙም»

የጽድ፣ የወይራና የዶቅማ ዘር የሚጓዘው በወፍ ሆድ ነው። ፍሬውን እዚህ ይበላሉ፣ ዘሩን እዚያ ይጥላሉ።

«ደኑ የግሪሳ መደበቂያ ነው»

አይደለም። ግሪሳ የቆላ ወፍ ነው፤ በእሾሃማ ቁጥቋጦና በሸምበቆ ነው የሚያድረው። የደብሩ ወፎች አብዛኞቹ ፍሬና ትል ለቃሚ ናቸው።

«ቁጥቋጦውን መመንጠር ግቢውን ያስከብራል»

በቅን ልብ የሚደረግ ነገር ነው፤ ስለዚህ ማንንም አልወቅስም። ግን ቆቅ የምትደበቀው በዚያ ቁጥቋጦ ነው። ቅጠሉን እየጫሩ ትል የሚፈልጉ ወፎችም አሉ፤ መሬቱ ሲጠረግ ይሄዳሉ። ከብት ሲገባ ደግሞ ይብሳል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ባደረጉት ጥናት፣ ከብት እንዳይገባ በታጠረበት ቦታ ችግኙ በተሻለ ሁኔታ እንደሚተርፍ አሳይተዋል። ለዚህ የድንጋይ ካብ ይበቃል።

«ሕዝቡ ደኑን የሚጠብቀው ውግዘት ፈርቶ ነው»

ፍርሃቱ አለ፤ ፍቅርም አለ። ዘጌዎች አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰብረው ቢተክሉ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀለ ይላሉ። በበሬ ማረስም ነውር ነው። ኑሯቸው ራሱ ከዛፉ ጥላ ሥር ነው።

«ጉጉት መርዶ ነጋሪ ናት»

በዚህ የተነሳ በድንጋይ የሚያባርሯት ብዙዎች ናቸው። ጉጉት የምታድርበት ጽድ ሥር ጎንበስ ብላችሁ ፈልጉ። ፀጉር የመሰለ ድቡልቡል ነገር ታገኛላችሁ፤ መፍጨት አቅቷት የተፋችው ነው። በእንጨት ፈልቀቅ አድርጉት። ውስጡ የአይጥ መንጋጋ ከነጥርሱ ታያላችሁ፤ ከጎተራችን ጤፍ ስትሰርቅ የነበረችው አይጥ።