«እኔ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል»፦ ስለ ሲ ኮድ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ሐዋሳ ውስጥ በሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ኮዱን በአንድ ሳምንት ሦስት አራት ቦታ ያዞራል። ቤት ያለው ላፕቶፕ ኡቡንቱ ሊነክስ ነው፤ የላብራቶሪው ኮምፒውተር ዊንዶውስ ነው፤ ሰርቨሩ ላይ ያለው ኮንቴይነር አልፓይን የሚባለው ትንሽ ሊነክስ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ አንድሮይድ ስልክ ላይ ተርመክስ የሚባለው የትእዛዝ መስመር መተግበሪያ ይከፈታል። አንዱ ጋ በሰላም ያለፈ ኮድ ሌላው ጋ እንቢ ሲል ጥፋቱ ኮዱን ወደ ፕሮግራም በሚለውጠው ኮምፓይለር ላይ ይለጠፋል። ብዙውን ጊዜ ግን ኮዱ የተማመነው ማንም ባልገባለት ቃል ላይ ነው።

ለማሳያ አንድ ትንሽ ፕሮግራም እንያዝ፦ አሞራ ገደል በሚባለው የሐዋሳ የአሳ ገበያ የተመዘነውን አሳ ከፋይል አንብቦ በየዓይነቱ የሚደምር። የፋይሉ መስመሮች «ቆሮሶ 12»፣ «አምባዛ 7» ይላሉ። የፋንክሽንና የማክሮ ስሞችን አፋችን እንደሚጠራቸው በፊደላችን ጽፈናቸዋል።

«ሲ እኮ ነው፤ የትም ይሠራል»

ሲ ስንል ሁለት ነገር አንድ ላይ እንጠራለን፤ ቋንቋውን እና ላይብረሪውን። ላይብረሪው ኡቡንቱ ላይ ጂሊብሲ፣ አልፓይን ላይ መስል፣ አንድሮይድ ላይ ባዮኒክ፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ዩሲአርቲ ነው። አራቱን የጻፏቸው የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ የሚስማሙትም በስታንዳርድ በሰፈረው ላይ ብቻ ነው።

የቋንቋው ስታንዳርድ የሆነው አይኤስኦ ሲ ፋይል መክፈትን፣ ሜሞሪ መጠየቅን፣ ጽሑፍ ማተምን ይሰጣል። ፎልደር መዘርዘር፣ ሶኬት መክፈት፣ ሌላ ፕሮሰስ ፈጥሮ መቆጣጠር እዚያ ውስጥ የሉም፤ ፖዚክስ የሚባለው የዩኒክስ መሰል ስርዓቶች ስታንዳርድ የሚሰጣቸው ናቸው፤ ዊንዶውስ ደግሞ ፖዚክስን አይከተልም። ከሁለቱም ውጭ የጂሊብሲ የራሱ ጭማሪዎች አሉ። ኢረር.ኤች፣ ኤፍቲኤስ.ኤች እና ኤግዜክኢንፎ.ኤች የሚባሉት ሄደሮች (የፋንክሽኖች አዋጅ የሰፈረባቸው ፋይሎች) መስል ላይ ጭራሽ የሉም። አዲስ ፋንክሽን ከመጥራታችሁ በፊት የማኑዋል ገጹን ከፍታችሁ «ስታንዳርድስ» የሚለውን ክፍል ተመልከቱ። ሁለት መስመር ነው፤ ግን ፋንክሽኑ የማን እንደሆነ ይነግራችኋል።

«ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙ ተሠርቶ ወጥቷል»

ይህ ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሰው ነው፤ ቀስ ብለን እንየው።

ፕሮግራማችን የአሳውን ስም ለማስቀመጥ ጽሑፍ ቀድቶ የቅጂውን አድራሻ የሚመልሰውን ስትርዱፕን ይጠራል። ኮዱን «የ1999ኙን የሲ ስታንዳርድ ተከተል» በሚለው በ«-ኤስቲዲ=ሲ99» ፍላግ ኮምፓይል ስናደርግ ጂሊብሲ የዚያ ስታንዳርድ ያልሆነውን ሁሉ ከሄደሩ ይደብቃል። ስትርዱፕ አይኤስኦ ሲ ውስጥ የገባው በሲ23 ስለሆነ እሱም አብሮ ይደበቃል። የቆየ ኮምፓይለር ያልታወጀ ፋንክሽን ሲገጥመው አስጠንቅቆ፣ «ኢንት ነው የሚመልሰው» ብሎ ገምቶ ያልፋል። ኮዱን ከላይብረሪው ጋር የሚያያይዘው ሊንከር ፋንክሽኑን እዚያ ያገኘዋል፤ ፕሮግራሙም ይወጣል።

ጉዱ የሚታየው ፕሮግራሙ ሲሮጥ ነው። ስትርዱፕ የሚመልሰው ባለ 64 ቢት አድራሻ ነው፤ ኢንት ግን 32 ቢት ነው። ኮምፓይለሩ የታችኛውን ግማሽ ብቻ ይወስድና የላይኛውን በምልክት ቢቱ ይሞላዋል። ድሮ ፕሮግራሞች ዝቅተኛ አድራሻ ላይ ይጫኑ ስለነበር የሂፑ (ፕሮግራሙ ሲሮጥ ሜሞሪ የሚሰጥበት ቦታ) አድራሻም ትንሽ ቁጥር ነበር፤ የላይኛው ግማሽ ዜሮ ስለሆነ ቢቆረጥም ጉዳት አልነበረውም። ዛሬ ዲስትሪቢውሽኖቹ ፕሮግራሙን በነባሪ ፒአይኢ (የትኛውም አድራሻ ላይ ሊጫን የሚችል) አድርገው ስለሚሠሩት ሂፑ ከፍ ያለ አድራሻ ላይ ያርፋል። ለዓመታት «የሠራ» ኮድ አንድ ቀን «ሴግመንቴሽን ፎልት» የሚለው ለዚህ ነው። ፊቱ ላይ የቻር ፖይንተር ካስት (የዓይነት ለውጥ) መደርደር አያድንም፤ ካስት የተቆረጠ አድራሻን መልሶ አይቀጥልም።

መፍትሔው አንድ መስመር ነው፦ «#ዲፋይን _ፖዚክስ_ሲ_ሶርስ 200809ኤል»። ቦታው ግን ወሳኝ ነው፤ ከማንኛውም ኢንክሉድ በፊት፣ የፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ላይ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ሄደር ሲነበብ ላይብረሪው ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚደብቅ አንዴ ይወስናል፤ ከዚያ በኋላ ብታውጁት አይሰማም። ሁሉም ፋይል ላይ እንዲደርስ ከፈለጋችሁ ከኮምፓይለሩ ትእዛዝ ጋር በ«-ዲ» አስገቡት።

ከኮምፓይለሮቹ ክላንግ 16 በ2023፣ ጂሲሲ 14 ደግሞ በ2024 ይህን ግምት በሲ99 እና ከዚያ ወዲህ ባሉት ስታንዳርዶች ወደ ስህተት ለውጠውታል። «አዲሱ ኮምፓይለር ኮዴን ሰበረው» የሚባለው አብዛኛው ነገር ይኸው ነው። ስህተቱን ወደ ማስጠንቀቂያ የሚመልስ ፍላግ ፍለጋ አትሂዱ፤ የጎደለውን ሄደር ወይም ማክሮ አስገቡ።

«_ጂኤንዩ_ሶርስን ካወጅኩ ሁሉም ይገለጥልኛል»

ይህ ማክሮ ሲታወጅ የጂሊብሲ ጭማሪዎች ይገለጣሉ፤ ግን አንዳንዱ መልኩን ቀይሮ ነው። የስህተት ቁጥርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠውን ስትርኢረር_አርን ውሰዱ። ፖዚክስ እንደሚለው ኢንት ይመልሳል፤ ጽሑፉን እናንተ በሰጣችሁት በፈር ውስጥ ይጽፋል፤ ከተሳካ ዜሮ ነው። _ጂኤንዩ_ሶርስ ሲታወጅ ጂሊብሲ የሚሰጣችሁ ሌላ ነው፦ የቻር ፖይንተር ይመልሳል፤ በፈራችሁንም ሳይነካ የራሱን ጽሑፍ ሊጠቁም ይችላል። መስል ያለው የፖዚክሱ ብቻ ነው። የጂሊብሲውን መልክ ጠብቆ የተጻፈ ኮድ መስል ላይ ሲደርስ ዜሮን እንደ አድራሻ ይወስዳል። የፖዚክሱን የጠበቀ ኮድ በተራው ጂሊብሲ ላይ ምንም ያልተጻፈበትን በፈር ያትማል፤ ስክሪኑ ላይም ትርጉም የሌለው ነገር ይወጣል።

ከፋይል አድራሻ የመጨረሻውን ስም የሚያወጣው ቤዝኔምም እንዲሁ ሁለት ነው። ስትሪንግ.ኤች ውስጥ ያለው የጂሊብሲ ነው፤ የሰጣችሁትን ጽሑፍ አይነካም። ሊብጄን.ኤች ውስጥ ያለው የፖዚክስ ሲሆን ጽሑፉን ሊቀይረው ይችላል፤ በኮዱ ውስጥ በትእምርተ ጥቅስ የተጻፈ ቋሚ ጽሑፍ ብትሰጡት ፕሮግራሙ ሊወድቅ ይችላል። መስል 1.2.5 ላይ ከስትሪንግ.ኤች ስለወጣ በእሱ የተማመኑ ኮዶች አሁን ኮምፓይል አይሆኑም። ስትርአርቸርን ተጠቅማችሁ የመጨረሻውን እዝባር ፈልጉና አራት መስመር ራሳችሁ ጻፉ። ለዚህች ሥራ ሁለት መልክ ካለው ፋንክሽን ጋር መታገል አያስፈልግም።

«ሊነክስ ከሆነ ጂሊብሲ ነው፤ __ጂኤንዩሲ__ ካለ ጂሲሲ ነው»

አንድሮይድም ሊነክስ ነው። ክላንግም __ጂኤንዩሲ__ን ያውጃል፤ ስሪቱንም 4.2 ነኝ ይላል። መስል ደግሞ ራሱን የሚያሳውቅ ማክሮ የለውም፤ ይህም ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። የመስል ሠሪዎች የሚሉት «ማን እንደሆንኩ ሳይሆን ምን እንዳለኝ ጠይቁ» ነው፤ ልክም ናቸው። ዛሬ የሌለው ፋንክሽን በሚቀጥለው ስሪት ሊገባ ይችላልና። ጽሑፍ የሚቀዳው ስትርኤልሲፒዋይ ለዓመታት የቢኤስዲ (የሌላ ዩኒክስ ቤተሰብ) መለያ ነበር፤ ጂሊብሲ 2.38 ላይ በ2023 ሲገባ በስም ለይተው የራሳቸውን ያወጁ ኮዶች ከሄደሩ ጋር መጋጨት ጀመሩ።

ስለዚህ ጥያቄው ከኮምፓይል በፊት በሙከራ ይመለስ። ሲሜክ የሚባለውን የግንባታ መሣሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ ቼክ_ፋንክሽን_ኤግዚስትስን ትታችሁ ቼክ_ሲምቦል_ኤግዚስትስን ያዙ። የመጀመሪያው የሚያየው ሊንከሩ ፋንክሽኑን ማግኘቱን ብቻ ነው፤ የስትርዱፕ ታሪክ እንዳሳየን ሊንከር ያገኘው ነገር ሄደር ውስጥ ላይታይ ይችላል። ሁለተኛው ሄደሩንም ያያል። ሙከራው ዋናው ኮድ በሚጠቀምባቸው ማክሮዎች መካሄድ አለበት፤ አለዚያ መልሱ የሌላ ፕሮግራም መልስ ነው።

«ቻር ባይት ነው፤ ምን ያከራክራል?»

በአማርኛ ለሚሠራ ሰው ከሁሉ ቀድሞ የሚነካው ይህ ነው። ቻር ምልክት ይኑረው አይኑረው ስታንዳርዱ ለኮምፓይለሩ ትቶታል። ኢንቴል ላፕቶፕ ላይ ከ-128 እስከ 127 ነው፤ አርም ፕሮሰሰር ባለው አንድሮይድ ስልክ ላይ ከ0 እስከ 255 ነው።

ፋይል ስናነብ ጌትሲ የሚመልሰውን ቻር ውስጥ ብናስቀምጠው፣ ስልኩ ላይ የፋይሉ ማብቂያ የሆነው -1 ወደ 255 ይቀየራል፤ 255 ከ-1 ጋር እኩል ስለማይሆን ሉፑ አያልቅም። ላፕቶፑ ላይ ግን ዋጋው 255 የሆነ ባይት ሲመጣ ፋይሉ ያለቀ ይመስለዋል። በዩቲኤፍ-8 የተጻፈ አማርኛ ውስጥ 255 ስለማይገኝ ስህተቱ ይደበቃል፤ ምስል ወይም ሌላ ባይነሪ ፋይል ሲነበብ ብቅ ይላል። ማስቀመጫው ኢንት ይሁን፤ ያኔ ሁለቱም ይጠፋሉ።

አሁን «ቆሮሶ» የሚለውን ቃል ቀረብ ብለን እንየው። እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ነው፤ ባይት የሚቆጥረው ስትርለን 9 ይላል። የ«ቆ» የመጀመሪያ ባይት 225 ነው፤ ላፕቶፑ ላይ በቻር ሲነበብ -31 ይሆናል። ይህን «ፊደል ነው ወይ?» ብሎ ለሚመልሰው ለኢዝአልፋ መስጠት ስታንዳርዱ ያልፈቀደው ነገር ነው። ጂሊብሲ ሠንጠረዡን እስከ -128 ስለዘረጋው ዝም ብሎ ያልፋል፤ የቪዥዋል ስቱዲዮ የዲበግ ላይብረሪ ግን ፕሮግራሙን እዚያው ያቆመዋል። ለኢዝአልፋና ለመሰሎቹ የምትሰጡትን ሁሉ መጀመሪያ ወደ አንሳይንድ ቻር ካስት አድርጉ። ኢንቴል ላፕቶፕ ላይ ሆናችሁ የስልኩን ጠባይ ለማየት «-ኤፍአንሳይንድ-ቻር» የሚለውን ፍላግ መጨመር ይበቃል።

የሪፖርቱ አምድ መዛነፍ ግን የላይብረሪ ጥፋት አይደለም። በፕሪንትኤፍ 12 ስፋት ሰጥታችሁ ስታትሙ የሚቆጠረው ባይት ነው። «ቆሮሶ» 9 ባይት ስለሆነ ሦስት ባዶ ቦታ ይጨመርለታል፤ «አምባዛ» 12 ባይት ስለሆነ ምንም አይጨመርለትም፤ ኪሎዎቹም አይሰለፉም። ዋጋቸው ከ128 እስከ 191 የሆኑትን ባይቶች ዘላችሁ ቁጠሩ፤ የቀሩት የፊደሎቹ ብዛት ናቸው፤ ባዶ ቦታውንም በዚያ ልክ ራሳችሁ ሙሉ።

ሰፊ ፊደል የሚይዘው ዓይነት፣ ደብልዩቻር_ቲ፣ ያድናል ብላችሁም አትቸኩሉ። ሊነክስ ላይ 4 ባይት፣ ዊንዶውስ ላይ 2 ባይት ነው። የተለመዱት ፊደሎቻችን በ2 ባይት ይገባሉ፤ በ2021 ዩኒኮድ 14 ላይ ለጉራጊኛ የተጨመሩት ግን አይገቡም።

«ሎንግ 64 ቢት ነው»

ባለ 64 ቢት ሊነክስ ላይ አዎ፤ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ 32 ቢት ነው። ልኩ የታወቀ ቁጥር ስትፈልጉ ኢንት64_ቲ፣ አድራሻ በቁጥር ለመያዝ ኡኢንትፒቲአር_ቲ ተጠቀሙ።

«ፋይሉ ያው ፋይል ነው»

ዊንዶውስ ላይ ኤፍኦፕንን በ«አር» ብቻ ከከፈታችሁ የመስመር ማብቂያው ሁለት ባይት ወደ አንድ ይለወጣል፤ ዋጋው 26 የሆነ ባይት ከመጣም ንባቡ እዚያው ያበቃል። ባይነሪ ፋይል ሁልጊዜ በ«አርቢ» ይከፈት።

«ኮምፓይል ያደረግኩትን ፕሮግራም ብቻ ብሰጠው ይበቃል»

ኡቡንቱ 22.04 ላይ የተሠራ ፕሮግራም፣ ሰላምታ ብቻ የሚያትም እንኳ ቢሆን፣ 20.04 ላይ «ጂሊብሲ_2.34 አልተገኘም» ብሎ አይነሳም። 22.04 ያለው ጂሊብሲ 2.35 ነው፤ 20.04 ያለው 2.31 ነው፤ ሜይንን የሚያስጀምረው የላይብረሪው ክፍል ደግሞ 2.34 ላይ አዲስ የስሪት ምልክት ተሰጥቶታል። አዲስ ጂሊብሲ ላይ የድሮ ፕሮግራም ይሮጣል፤ ተገላቢጦሹ አይሆንም። ስለዚህ ማድረስ ከምትፈልጉት ሁሉ በጣም አሮጌው ላይ ሥሩት፤ ወይም በመስል ስታቲክ አድርጉት፣ ማለትም ላይብረሪውን ፕሮግራሙ ውስጥ አካትቱት። በጂሊብሲ ስታቲክ ማድረግ የሰርቨርን ስም ወደ ኔትወርክ አድራሻ የሚለውጥ ፕሮግራም ላይ አይመከርም፤ ይህን የሚሠራው ጌትአድርኢንፎ በሩጫ ጊዜ የጂሊብሲን ላይብረሪዎች መልሶ ይፈልጋል።

መስልን ስትይዙ አንድ ነገር አትርሱ። ጂሊብሲ ለአንድ ትሬድ በተለምዶ 8 ሜጋባይት ስታክ (ፋንክሽን ውስጥ ለሚታወጁ ተለዋዋጮች የሚሆን ሜሞሪ) ይሰጣል፤ መስል 128 ኪሎባይት ነው። ፋንክሽን ውስጥ የታወጀ የአንድ ሜጋባይት አሬይ ፕሮግራሙን ወዲያው ይጥለዋል። ወይ በማሎክ ጠይቁ፣ ወይ ትሬዱን ስትፈጥሩ የስታኩን ልክ ራሳችሁ ስጡ።

«የምንሞክርበት ማሽን የለንም»

አላችሁ። ኡቡንቱው ላይ መስል-ቱልስ የሚባለውን ጥቅል ብትጭኑ መስል-ጂሲሲ የሚል ትእዛዝ ታገኛላችሁ፤ ያው ላፕቶፕ በሁለት ላይብረሪ ይሞክርላችኋል። በመጀመሪያ በጂሲሲ እና በክላንግ «-ዎል -ደብልዩኤክስትራ -ፔዳንቲክ» ጨምራችሁ ኮምፓይል አድርጉ፤ የሚወጣውን ሁሉ አስተካክሉ። ቀጥሎ «-ኤፍሳኒታይዝ=አድሬስ፣አንዲፋይንድ» (ፕሮግራሙ ሲሮጥ ስህተት የሚይዙ ሳኒታይዘሮች) ጨምራችሁ በእውነተኛው የአሳ ፋይል አስሩጡት። ሳኒታይዘሮቹ በመስል-ጂሲሲ ስለማይሠሩ ይህን በተራው ጂሲሲ ጨርሱና ያለ እነሱ ወደ መስል እለፉ።

ከዚያ ስልኩ ይምጣ። ተርመክስ ላይ «ፒኬጂ ኢንስቶል ክላንግ» ስትሉ ሌላ ፕሮሰሰር፣ ሌላ ላይብረሪና ሌላ ኮምፓይለር በአንድ ጊዜ አገኛችሁ፤ ባለ 255 ቻሩም እዚያው ነው። ሁለት ነገር ያጋጥማችኋል። ጊዜያዊ ፋይል በሥሩ ባለው «ቲኤምፒ» ፎልደር የሚፈጥር ኮድ አይሳካለትም፤ ተርመክስ እዚያ መጻፍ አይችልም፤ ቦታውን ከ«ቲኤምፒዲር» ተለዋዋጭ አንብቡ። ሁለተኛው፣ ኮዱን በዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጣችሁ ኮምፓይል ብታደርጉ ፕሮግራሙ ይወጣል፤ ልታስነሱት ስትሉ ግን «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይላል። የስልኩ የጋራ ማከማቻ ፕሮግራም ማስነሳትን ስለማይፈቅድ ነው፤ ፎልደሩን ወደ ተርመክስ ሆም ገልብጡትና ከዚያ አስነሱት።