«ክሪስቶፈር ኤንድ ሂዝ ካይንድ» ምንድን ነው?
ቢቢሲ ሁለት በማርች 2011 ያሳየው፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ የሚፈጅ የቴሌቪዥን ፊልም ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ተከታታይ ድራማ አይደለም፤ በአንድ ምሽት ታይቶ ያልቃል። እንግሊዛዊው ደራሲ ክሪስቶፈር ኢሸርውድ ከ1929 እስከ 1933 በርሊን የኖረውን ሕይወት ይተርካል። ጽሑፉ የጸሐፌ ተውኔቱ ኬቪን ኤልዮት፣ ዝግጅቱ የጄፍሪ ሳክስ ነው፤ ኢሸርውድን ሆኖ የሚጫወተው ማት ስሚዝ ነው። የተቀረጸው ቤልፋስት ውስጥ ነው።

ፊልሙ የሚገባን ይህ ሕይወት ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ስናውቅ ነው። ኢሸርውድ የበርሊን ዘመኑን መጀመሪያ ልቦለድ አደረገው፤ በ1935 «ሚስተር ኖሪስ ቼንጅስ ትሬይንስ»፣ በ1939 ደግሞ «ጉድባይ ቱ በርሊን» ታተሙ። በሁለተኛው መጽሐፍ ተራኪው የደራሲውን ስም ይዞ ሁሉን ያያል፣ ሁሉን ይሰማል፤ እሱ ራሱ ማንን እንደሚወድ ግን አይናገርም። በዚያ ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ወንድ ከወንድ ጋር የሚያደርገው ግንኙነት ወንጀል ነበር፤ ሕጉ የላላው በ1967 ነው። ኢሸርውድ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መሆኑንና ወደ በርሊን የሳበውም ይኸው እንደነበር በዝርዝር የጻፈው በ1976 ባወጣው ግለ ታሪክ ነው። እዚያም ራሱን «እኔ» ከማለት ይልቅ አብዛኛውን «ክሪስቶፈር» እያለ ይተርካል። ፊልሙ የተወሰደው ከዚህ መጽሐፍ ስለሆነ፣ ዋና ጉዳዩ ልቦለዶቹ የዘለሉት ነገር ነው።

ብዙ ተመልካች የሚሳሳተው «ካባሬ»ን እያሰበ ሲያየው ነው። የ1966ቱ ሙዚቃዊ ተውኔትና የ1972ቱ ፊልም መነሻቸው «ጉድባይ ቱ በርሊን» ነው፤ ዘፋኟ ሳሊ ቦውልስም መሐል ላይ ቆማለች። እዚህ ግን የምትታየው ለሳሊ መነሻ የሆነችው ጂን ሮስ ናት፤ የታሪኩ ማዕከልም አይደለችም። እውነተኛዋ ጂን ኋላ ጋዜጠኛ ሆና የስፔንን የእርስ በርስ ጦርነት የዘገበች፣ በፖለቲካ አቋሟ የጸናች ሴት ነበረች። ጂንን በሳሊ መለካት ትልቅ በደል ነው።

ፊልሙም ቢሆን ሰነድ አይደለም። ጂንንና የሚስተር ኖሪስ መነሻ የሆነውን ጄራልድ ሃሚልተንን በእውነተኛ ስማቸው ሲጠራ፣ አይሁዳዊውን የመደብር ባለቤት ዊልፍሪድ ላንዳወር ይለዋል። ዊልፍሪድ የእውነተኛው ሰው የዊልፍሪድ ኢዝራኤል ስም ነው፤ ላንዳወር ግን ከልቦለዱ የመጣ ነው። ኢዝራኤል አይሁዳውያን ልጆችን ከናዚ እጅ ለማውጣት የደከመና በ1943 የተሳፈረበት አውሮፕላን ተመትቶ የሞተ ሰው ስለሆነ፣ ታሪኩን ለብቻው ማንበብ ይገባል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው የኢሸርውድ ጀርመናዊ ፍቅረኛ የሃይንዝ ኔደርማየር ታሪክ ነው። በሜይ 1933፣ ናዚዎች የሐኪሙን የማግኑስ ሂርሽፌልድን የጾታ ጥናት ተቋም በዘረፉበትና መጻሕፍቱን ባቃጠሉበት ወር፣ ኢሸርውድና ሃይንዝ አብረው ከበርሊን ወጡ። በ1934 መጀመሪያ ላይ ሃይንዝ ሃሪች ወደብ ላይ ወደ እንግሊዝ እንዳይገባ ተከለከለ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ የመኖሪያ ፈቃድ ፍለጋ ከካናሪ ደሴቶች እስከ ፖርቱጋል፣ ከአምስተርዳም እስከ ብራስልስ ተንከራተቱ። በ1937 ሃይንዝ ለቪዛ ጉዳይ ጀርመን ግዛት ሲገባ የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ ጌስታፖ ያዘው። ስድስት ወር እስራት፣ አንድ ዓመት የግዳጅ ሥራ፣ ከዚያም ሁለት ዓመት ውትድርና ተፈረደበት። ፊልሙ ይህን ሁሉ መከራ እጅግ ስለሚያሳጥረው፣ አንድ የድንበር መኮንን ብቻ የለያያቸው ሊመስል ይችላል። የለያያቸው ግን በየአገሩ የገጠማቸው የወረቀት ጣጣና ወንድ ከወንድ ጋር የሚያደርገውን ግንኙነት የሚቀጣው የጀርመን ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 175 ነው፤ ናዚዎች ይህን አንቀጽ በ1935 ይበልጥ አክብደውት ነበር።

ጊዜ ያለው ሰው መጀመሪያ «ጉድባይ ቱ በርሊን»ን ያንብብ፣ ቀጥሎ ፊልሙን ይይ፣ ግለ ታሪኩን ለመጨረሻ ያቆይ። ግለ ታሪኩን ያስቀደመ አንባቢ ምስጢሩን አስቀድሞ ስለሚያውቅ፣ ልቦለዱ ምን ያህል እንደደበቀ ልብ አይልም።