ፈላስፎቹ ስሜትን ይጠሉ ነበር? ስለ ዴካርት፣ ስፒኖዛ እና ሂዩም የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የዘመናዊ ፍልስፍና መግቢያ የተማረ ሰው ብዙውን ጊዜ ይዞት የሚወጣው ታሪክ አጭር ነው። ዴካርት ነፍስን ከሥጋ ለየ፣ ስሜትን በሥጋ ወገን አስቀምጦ ናቀ፣ ከእርሱ በኋላ የመጡትም አመክንዮን፣ ማለትም በምክንያት የማሰብን ኃይል፣ በስሜት ላይ አነገሡ ይባላል። መጻሕፍቱን ለገለጠ ሰው ግን ይህ ታሪክ ብዙ አይጓዝም፤ የዘመኑ ታላላቅ ፈላስፎች ስለ ስሜት የጻፉት ሰፊ ከመሆኑም በላይ እርስ በርሱም የማይስማማ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ዴካርት ስሜትን የማሰብ እንቅፋት አድርጎ ይቆጥር ነበር»

ሬኔ ዴካርት በሕይወት ሳለ ያሳተመው የመጨረሻ መጽሐፍ ስለ ስሜት የሚናገር ነው። «የነፍስ ስሜቶች» የተሰኘው ይህ ሥራ በ1649 ዓ.ም. ማለትም እርሱ ስቶክሆልም ውስጥ ከመሞቱ ከጥቂት ወራት በፊት የወጣ ሲሆን፣ በ212 አጫጭር አንቀጾች የተከፈለ ነው። ዴካርት መሠረታዊ ናቸው ያላቸው ስሜቶች ስድስት ናቸው፤ መደነቅ፣ ፍቅር፣ ጥላቻ፣ ምኞት፣ ደስታ እና ሐዘን። መደነቅን ከሁሉ ያስቀደመው አንድ ነገር ይጥቀመን ይጉዳን ገና ሳናውቅ የሚቀሰቀስ በመሆኑ ነው። በአንቀጽ 211 ላይም ስሜቶች ሁሉ በተፈጥሯቸው መልካም መሆናቸውን፣ ልንጠነቀቅ የሚገባን ያለቦታቸው ስንጠቀምባቸው ወይም ከልክ ሲያልፉ ብቻ መሆኑን ይጽፋል። ምክንያቱም ስሜት የሚጠቅመንን እንድንፈልግ፣ በፍላጎታችንም እንድንጸና ነፍስን የሚያዘጋጅ የተፈጥሮ መሣሪያ ነው ብሎ ያምን ነበር።

ስሜትን በፈቃድ ብቻ ማዘዝ ይቻላል ብሎ አስተምሯል የሚባለውም ስህተት ነው። የፈራ ሰው «አልፈራም» ስላለ ፍርሃቱ አይለቀውም፤ ይልቁንም አደጋው ያን ያህል እንዳልሆነ፣ ከመሸሽም መቋቋም እንደሚሻል የሚያሳዩ ምክንያቶችን በሐሳቡ ሊያመላልስ ይገባል። ለዚህ ልምምድ የሰጠው ምሳሌ የአደን ውሻ ነው። ውሻ በተፈጥሮው ቆቅ ሲያይ ይሮጣል፣ የጠመንጃ ድምፅ ሲሰማም ይሸሻል፤ ከሠለጠነ ግን ቆቅ ሲያይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ተኩስ ሲሰማም ወደ ወደቀችው ወፍ ይሮጣል። አመክንዮ የሌለው እንስሳ ይህን ያህል ከተለወጠ ሰውማ እንዴት አይለወጥም ይላል። ነፍስና ሥጋ የሚገናኙት በአንጎል መካከል ባለች ትንሽ ዕጢ ነው ያለው ግን የትም አላደረሰውም፤ ስፒኖዛም በዚህ ሐሳቡ አጥብቆ ተችቶታል።

«ልዕልት ኤልሳቤጥ የዴካርት ትጉህ ተማሪ ብቻ ነበረች»

ከሁሉ ይልቅ መታረም ያለበት ይህ ይመስለኛል። የቦሄሚያዋ (በዛሬዋ ቼክ የነበረ መንግሥት) ኤልሳቤጥ አባቷ ዙፋኑን ካጣ በኋላ በሄግ በስደት የኖረች ሴት ስትሆን፣ ለዴካርት መጻፍ የጀመረችው በ1643 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ግዙፍ ያልሆነች ነፍስ ግዙፉን ሥጋ እንዴት ልታንቀሳቅስ ትችላለች የሚል ነበር፤ የተሰጣትም መልስ አላረካትም። በ1645 ዓ.ም. ቀስ በቀስ የሚያቃጥል ትኩሳትና ደረቅ ሳል ሲይዛት ዴካርት የሕመሟ ዋነኛ ምንጭ ሐዘን እንደሆነ ነግሯት፣ ሐሳቧን ከመከራዋ እንድታርቅ መከራት፤ የሮማዊውን ፈላስፋ የሴኔካን መጽሐፍም አብረው እንዲያነቡ ሐሳብ አቀረበላት።

መልሷ የተማሪ መልስ አልነበረም። የማሰብ ኃይልን ራሱን የሚነጥቁ ደዌዎች አሉ፤ ታዲያ አመክንዮ የሚያመጣው እርካታ በፈቃዳችን ሥር ነው እንዴት ይባላል ስትል ሞገተችው። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ስሜቶችን በሚገባ ለማወቅ ትርጉማቸውን እንዲሰጣት ጠየቀችው፤ የ1649ኙ መጽሐፍ የበቀለው ከዚህ ጥያቄ ነው። በ1646 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ረቂቅ አንብባ አስተያየቷን የጻፈችለትም እርሷው ናት። በሕይወት ሳለች ደብዳቤዎቿ እንዲታተሙ ስላልፈቀደች እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ አንባቢ የሚያውቀው የእርሱን ወገን ብቻ ነበር፤ የ«ተማሪዋ» ምስልም ሥር የሰደደው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አስባለሁ።

«ዛሬ ስሜት የምንለውና እነርሱ የጻፉበት ነገር አንድ ነው»

በከፊል ብቻ። የተጠቀሙበት ቃል (passion) ከላቲን የመጣ ሆኖ ትርጉሙ «መቀበል»፣ «አንድ ነገር ሲደረግብን መታገሥ» ነው፤ የክርስቶስን ሕማም ለመጥራት የሚያገለግለውም ይኸው ቃል ነው። ሰዋስው የተማረ አንባቢ ገቢርንና ተገብሮን ቢያስታውስ ነገሩ ይቀልለታል። ስሜት በዚያ ዘመን አነጋገር ነፍስ የተገብሮ ግስ ባለቤት ስትሆን የሚደርስባት ነው።

«ስፒኖዛ አእምሮ ስሜትን እንዲያሸንፍ አስተምሯል»

ባሩክ ስፒኖዛ በሞተበት በ1677 ዓ.ም. የታተመው «ሥነ ምግባር» የተሰኘው መጽሐፉ የሚለው ከዚህ የተለየ ነው። አንድን ስሜት ሊገታ የሚችለው ተቃራኒው የሆነና ከእርሱ የበረታ ሌላ ስሜት ብቻ ነው። መልካሙንና ክፉውን በትክክል ማወቅ እንኳን ስሜትን የሚገታው እውነት በመሆኑ ሳይሆን፣ እውቀቱ ራሱ ስሜት በመሆኑ ነው። የሚጠቅማቸውን እያወቁ በተቃራኒው ለሚኖሩ ሰዎች ሁሉ ይህ የታወቀ ነገር ነው። ጠቢቡም ደረቅ መናኝ አይደለም፤ በልክ ይበላል፣ ይጠጣል፣ በአረንጓዴ ተክል፣ በሙዚቃና በቲያትር ይደሰታል። እንዲያውም ስፒኖዛ ጸጸትንና ትሕትናን ከበጎነት አይቆጥራቸውም፤ ሁለቱም የሐዘን ዘመዶች ናቸውና። ይህ ግን በሃይማኖት ላደገ አንባቢ በቀላሉ የሚዋጥ አይደለም።

«ሂዩም ልብህ ያለህን አድርግ ብሏል»

ዴቪድ ሂዩም በ1739 ዓ.ም. ባሳተመው ሥራው አመክንዮ የስሜቶች ባሪያ ነው፣ ሊሆን የሚገባውም ይኸው ብቻ ነው ብሏል። ዓረፍተ ነገሯ ተነጥላ ስትጠቀስ ለልቅነት የተሰጠ ፈቃድ ትመስላለች። ሂዩም ግን የሚናገረው አመክንዮ ብቻውን ማንንም ከመቀመጫው ሊያስነሣ እንደማይችል ነው፤ መንገድ ያሳያል እንጂ አይገፋም። ማሳየቱ ግን ትንሽ ነገር አይደለም። አንድን ፍሬ ጣፋጭ መስሎኝ ብመኘው፣ መሳሳቴን ባስረዳኸኝ ቅጽበት ምኞቴ ይጠፋል ይላል።

ከዚህም በላይ ስሜቶችን የተረጋጉና ሁከተኛ ብሎ ይለያቸዋል። ለልጆች የሚኖረን ርኅራኄ፣ ለሕይወት ያለን ፍቅር፣ ለሌሎች በጎ መመኘት ሁከት ሳያስነሡ በዝግታ የሚሠሩ ስለሆኑ የአመክንዮ ሥራ ይመስሉናል። ብዙ ጊዜ «አእምሮዬ ቁጣዬን አሸነፈ» የምንለው ሲመረመር፣ የተረጋጋው ስሜት ሁከተኛውን ያሸነፈበት ሆኖ ይገኛል፤ ሂዩም የመንፈስ ጥንካሬ ብሎ የሚጠራውም ይህንኑ ነው።